ሪስታርት የሚገልጠው ስህተት

ትናንት ያለ እንከን ሲሠራ የዋለ የጁፒተር ኖትቡክ ዛሬ ሪስታርት ሲደረግ በቀይ መልእክት ይሞላል፤ ተጠቃሚውም ጣቱን ሪስታርቱ ላይ ይቀስራል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሪስታርቱ ያበላሸው ነገር የለም፤ ቀድሞ የነበረን ጉድለት ነው ያወጣው። ምክንያቱ ከመሣሪያው አሠራር ይመነጫል። እ.ኤ.አ. በ2001 በፈርናንዶ ፔሬዝ ከተጀመረው አይፓይተን ወጥቶ በ2014 ጁፒተር የሚለውን ስም የያዘው ይህ ሥርዓት ሁለት ክፍል አለው። በብራውዘር የምናየው ገጽ ኮዱን፣ ማብራሪያውንና ውጤቱን የያዘ ፋይል ነው። ስሌቱን የሚሠራው ግን ከርነል የሚባል ለብቻው የሚሮጥ ፕሮግራም ሲሆን፣ ተለዋዋጮቹን ሁሉ ራም ላይ ይይዛል። ፋይሉ ሴቭ ሲደረግ ሰንጠረዡና ግራፉ አብረው ይቀመጣሉ፤ ተለዋዋጮቹ አይቀመጡም። ስለዚህ ከሪስታርት በኋላ ግራፉ ገጹ ላይ እንዳለ ይታያል፣ አዲሱ ከርነል ግን ስለ እሱ አንዳች አያውቅም።

ሴሎች፣ ማለትም ኮዱ የተከፋፈለባቸው ሳጥኖች፣ ከላይ ወደ ታች በተራ የመሮጥ ግዴታ የለባቸውም። አንድ ተለዋዋጭ የተፈጠረበት ሴል ቢሰረዝ እንኳ ከርነሉ እስካልተዘጋ ድረስ ተለዋዋጩን ስለሚያስታውስ ሥራው ይቀጥላል። ሪስታርት ሲመጣ ግን ስሙ አይታወቅም የሚለው «ኔም ኤረር» ይከተላል። ከሴሉ ጎን በቅንፍ የሚታየው ቁጥር ሴሎቹ የሮጡበትን ቅደም ተከተል ስለሚናገር፣ ከሪስታርት በፊት እሱን ማየት ብዙ ፍለጋ ያስቀራል። ችግሩ ምን ያህል የተስፋፋ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት አሳይቷል፤ ከጊትሃብ 1.4 ሚሊዮን ያህል ኖትቡኮች ተሰብስበው ለሙከራ ከተመረጡት ውስጥ ያለ ስህተት እስከ መጨረሻ የሮጡት 24 በመቶ ገደማ፣ የቀድሞ ውጤታቸውን የደገሙት 4 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ብዙዎቹ የወደቁት በሞካሪዎቹ ኮምፒውተር ላይ ላይብረሪው ስላልነበረ ነው የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ግን የሚያስፈልገው ላይብረሪና ቨርዥኑ ከኖትቡኩ ጋር ካልተጻፈ ጉድለቱ የኖትቡኩ ነው። ሞጁል አልተገኘም የሚል መልእክት ሲመጣም በመጀመሪያ የሚጣራው ላይብረሪው የተጫነበት ፓይተንና ከርነሉ የሚጠቀምበት ፓይተን አንድ መሆናቸው ነው። ኖትቡክን በኢንተርኔት በሚያስኬደው ጉግል ኮላብ ደግሞ ሪስታርት የተጫነውን ላይብረሪ አያጠፋም፤ የተመደበው ማሽን ሲለቀቅ ግን የተጫነውም፣ ማሽኑ ላይ የተቀመጠው ፋይልም አብረው ይሄዳሉ።

ከባዱ ተቃውሞ የጊዜ ነው፤ ሰዓታት የፈጀ ስሌት በአንድ ሪስታርት ይጠፋል። ይህ ቅሬታ ቀላል አይደለም፣ ሪስታርትን ለመሸሽ ግን በቂ ምክንያት አይሆንም። መብራት ሲጠፋ ወይም ኮምፒውተሩ ሲዘጋ ያው ስሌት መጥፋቱ አይቀርም። ረጅም ስሌት እንዳለቀ ውጤቱን ፋይል ላይ አስቀምጦ ቀጣዩን ሴል ከፋይሉ እንዲያነብ ማድረግ ነው የሚያዋጣው፤ ያኔ ሁሉንም ሴል ከመጀመሪያው ማስኬድ የሚያስፈራ ነገር አይሆንም።

ከዚህ ሁሉ የሚለየው ከርነሉ ራሱ የሚሞትበት ጊዜ ነው። አንዱ ሴል ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ የሚሞት ከሆነ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የራም ማለቅ ነው፤ ፕሮግራሙን የሚያስቆመውም ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ስለሆነ የፓይተን የስህተት መልእክት ላይወጣ ይችላል። እዚህ ላይ ሪስታርትን መደጋገም ትርፉ ድካም ነው። ሴሉ ሲሮጥ የራሙን ፍጆታ መከታተል፣ ዳታውንም የሚፈለጉትን ዓምዶች ብቻ መርጦ በክፍል በክፍል ማንበብ ያስፈልጋል።