ጤና የአንድ ሐኪም ሥራ ብቻ አይደለም

ባለፈው ጊዜ የቁጥርን ነገር አንሥተን ነበር። ዛሬ ደግሞ ቁጥርም ፊደልም ስለሚያስፈልጉበት ጉዳይ፣ ይኸውም በቡድን ስለሚሰጥ የመጀመሪያ ደረጃ የጤና አገልግሎት እንነጋገራለን። ይህን የራዲዮ ንግግር በወረቀት ላይ የምታነቡ ወገኖች ከደከማችሁ እያረፋችሁ አንብቡት፤ ራዲዮ አይጠብቅም፣ ወረቀት ግን ይጠብቃል።

በአዋሽ ሰባት ኪሎ ሳስተምር አንድ ቀን የተማሪዬ አባት፣ ከከተማው ውጭ ግመልና ፍየል የሚያረቡ ሽማግሌ፣ ከክፍሉ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ከሽርጣቸው መታጠፊያ በላስቲክ የተጠቀለለ ካርድ አወጡና «መምህር፣ ይኼ ምን ይላል?» አሉኝ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት መውሰጃ ካርድ ነው። የቀጠሮው ቀን ካለፈ 18 ቀን ሆኖታል። «አባባ፣ ቀጠሮው እኮ አልፏል» ብላቸው፣ «ሳሉ ሲተወኝ የዳንኩ መሰለኝ። ፍየሎቹም ወደ ሣር ሄዱ፣ እኔም ተከተልኩ» አሉኝ። ካርዱን የሰጣቸውን ቤት ስም አልጠራም። ጽፎ ሰጥቷቸዋል፤ ማንበብ ይችሉ እንደሆነና ወዴት እንደሚሰማሩ ግን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና እንደ ደንቡ ስድስት ወር ይፈጃል። በመጀመሪያው ሁለት ወር አራት ዓይነት መድኃኒት፣ በቀሩት አራት ወራት ሁለት ዓይነት ይወሰዳል። ሳሉ ግን በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሊቀንስ ይችላል፤ የሚያታልለውም ይኸው ነው። ጀርሙ ገና በሳንባ ውስጥ አለ። በሽተኛው ሲያቋርጥ፣ በሽታው መድኃኒቱን ለምዶ ይነሣል፤ ከዚያ በኋላ ሕክምናው ይረዝማል፣ ይከብዳልም፤ በአንድ ጎጆ አብረው የሚተኙ ልጆችም ይያዛሉ። መድኃኒቱ በነጻ የሚሰጥ ነው። ሽማግሌውን ያሸነፋቸው የገንዘብ እጦት ሳይሆን ርቀቱ፣ የፊደሉ ነገርና የሚከታተላቸው ሰው አለመኖሩ ነው።

እንግዲህ የቡድን ሥራ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ጤና መኮንኑ ይመረምራል፤ የላቦራቶሪው ባለሙያ አክታውን ያያል፤ ነርሷ መድኃኒቱን ትሰጣለች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደግሞ የበሽተኛውን ቤት፣ ጎረቤቱንና የሚሄድበትን የግጦሽ ቦታ ታውቃለች። አንዱ ሲጎድል የሌሎቹ ድካም ባክኖ ይቀራል።

ይህ አሳብ በአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1946 ዓ.ም. ግድም በደምቢያ ሜዳ የተነሣው ወባ 7,000 ያህል ሰው ፈጅቷል። በማግሥቱ፣ በ1947 ዓ.ም.፣ የጎንደር ጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተከፈተ። በዚያ የተደረገው ነገር ለጊዜው ብርቅ ነበር፤ ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያውን ባንድነት አሠልጥኖ፣ ባንድነት ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ማሰማራት። በአልማ አታ የ134 አገሮች መልእክተኞች የመጀመሪያ ደረጃ ጤና አገልግሎት ለሁሉም ይዳረስ ብለው መግለጫ ያወጡት ከዚህ በኋላ፣ መስከረም 2 ቀን 1971 ዓ.ም. ነው። እኛ አስተማሪዎች ስለ አልማ አታ ብዙ እንሰማለን፣ ስለ ጎንደር ግን እምብዛም አናወሳም፤ ይህ ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ሲጀመር፣ ለየቀበሌው ጤና ኬላና ሁለት ሠራተኞች፣ ለአምስት ጤና ኬላዎች ደግሞ አንድ ጤና ጣቢያ እንዲሆን ታቀደ። ለደገኛው ገበሬ፣ ቤቱ ካለበት ለማይነቃነቀው፣ ይህ ይመቻል። ለአፋሩ አርብቶ አደር ግን ኬላው ቆሞ ሰውየው ይሄዳል። ስለዚህ በአርብቶ አደሩ አካባቢ ወንዶችም ለዚህ ሥራ እንዲመለመሉ ተደረገ፤ በመኪና የሚዘዋወር የጤናና የሥነ ምግብ ቡድንም ተቋቋመ። ሎጊያ ላይ ጽሕፈት ቤቱ ያለው የአፋር አርብቶ አደር ልማት ማኅበር ደግሞ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከመንጋው ጋር የሚጓዙ ሠራተኞች እያሠለጠነ፣ በአፋርኛ ፊደልንና የጤና ትምህርትን አብሮ ያስተምራል። ይኼ መቼም ለእንደኔ ዓይነቱ መምህር ልብ የሚያሞቅ ነገር ነው!

አፋሮች ዳጉ የሚሉት ልማድ አላቸው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሣሩ፣ ስለ ሕመሙ ያዩትንና የሰሙትን ሳይነጋገሩ አይለያዩም። ወረርሽኝ ሲገባ ወሬው ብዙ ጊዜ ከስልክ ቀድሞ የሚደርሰው በዚህ ነው። ዳጉን የማይሰማ የጤና ቡድን ጆሮውን ቤት ትቶ የወጣ ሰው ይመስለኛል።

የሽማግሌውስ ነገር? የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ አብረን ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን። አፋርኛ የምትናገር ሠራተኛ የት እንደሚሰማሩ ጠይቃ ጻፈች፤ አክታቸው እንደገና ተመረመረ፤ ሦስተኛ ክፍል ያለችው ልጃቸውም የካርዱን ቀኖች እንድታነብላቸው ተመደበች። እናንተም መድኃኒት ጀምራችሁ ወደ ሌላ ቦታ የምትሄዱ ከሆነ «የዝውውር ወረቀት ስጡኝ» በሉ። ወረቀቱን ያየ ጤና ጣቢያ ካቆማችሁበት ይቀጥላል።

አሁን ወደ ከተሞቹ እንምጣ። በአዋሽና በሰመራ፣ በጅቡቲው መንገድ ዳር፣ ሻይ የሚሸጡ ሴቶች፣ ጫኝና አውራጅ፣ የቀን ሠራተኛ ይኖራሉ። ውኃ በየዕለቱ ስለማይመጣ በበርሜል፣ በሮቶና በጀሪካን ያጠራቅማሉ። እዚህ ላይ አዲስ ጠላት መጥቷል፤ አኖፌሊስ ስቴፈንሳይ የሚባል የወባ ትንኝ። የድሮው ትንኝ በኩሬና በረግረግ ሲራባ፣ ይኸኛው በቤታችን ንጹሕ የመጠጥ ውኃ ውስጥ፣ ዝናብ ሳይጠብቅ ይራባል። በጅቡቲ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ታየ፤ በዚያ ዓመት 27 የነበረው የወባ በሽተኛ በ2020 ከ73,000 በላይ ሆነ። በአገራችን በ2016 በቀብሪደሃር ከተገኘ በኋላ በተደረገው ፍለጋ በሰመራም በአዋሽ ሰባት ኪሎም ተገኝቷል።

ይህን ትንኝ ሐኪም በክኒን አያጠፋውም። ላቦራቶሪው የወባው በሽተኛ ከየትኛው ሰፈር እንደበዛ ይናገራል፤ የንጽሕና ባለሙያው የሕንፃ ሥራ ጉድጓዱንና የተጣለ ጎማውን ይፈትሻል፤ ማዘጋጃ ቤቱ ውኃውን በሰዓቱ ቢለቅ በርሜሉ ራሱ ባላስፈለገ ነበር። የቀረው የእኛ ነው። እንቁላሉ ትንኝ ለመሆን አንድ ሳምንት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ስለሚፈጅበት፣ በርሜሉን በየሳምንቱ አንድ ቀን አንጠፍጥፉት፤ ግድግዳውንም በደንብ ፈትጉት። ከዚያም አፉን በጨርቅ ጥብቅ አድርጋችሁ እሠሩ። ትልቁን ሮቶ መገልበጥ ለማይቻላችሁ ክዳኑ ክፍተት እንዳይኖረው ተመልከቱ፤ በውኃው ላይ ጋደም ብሎ የሚንሳፈፍ ቀጭን ትል ካያችሁ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ንገሯት። አጎበሩንም አትተዉ። ትኩሳት የያዘው ልጅ ካለ ደግሞ በዚያው ቀን ደሙ ይታይ።

ለዛሬ በዚህ ይብቃን። የሳምንት ሰው ይበለን።