የአባ ሙሴ ጸሊም ቅርጫት

ሰንበት ትምህርት ቤት የማስተምራቸው ወጣቶች ንስሐ በተነሣ ቁጥር አንድ ጥያቄ አያጡም፦ «ንስሐ ገብቼ ለምን አልተለወጥኩም?» ያኔ የአባ ሙሴ ጸሊምን ታሪክ እነግራቸዋለሁ።

እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ420 አካባቢ ታሪኩን የጻፈው ጳላድዮስ በትውልዱ ኢትዮጵያዊ ይለዋል። ግብፅ ውስጥ የአንድ ባለሥልጣን አገልጋይ ነበር። ጌታው በክፋቱ ቢያባርረው የሽፍቶች አለቃ ሆነ፤ ኋላም ተጸጽቶ በአስቄጥስ በረሃ መነኮሰ። ቦታው ዛሬ ዋዲ ኤል ናትሩን ይባላል።

ልብሱ ቢቀየርም ምኞቱ አልለቀቀውም። ቢጨንቀው በዓቱን ትቶ ወደ አባ ኤስድሮስ ሄደ። እሳቸው ጣሪያ ላይ አወጡትና ወደ ምዕራብ እንዲያይ አዘዙት፤ ለጦርነት የሚራወጡ አጋንንት አየ። ወደ ምሥራቅ ቢዞር ደግሞ ስፍር ቁጥር የሌላቸው መላእክት ቆመዋል። የሚረዱን ይበዛሉ ብለው ወደ በዓቱ መለሱት። ጠላቶቹ እዚያው ናቸው፤ ሙሴ ግን ብቻውን እንዳልሆነ አይቷል።

እኔን ይበልጥ የሚነካኝ ሌላው ታሪክ ነው። አንድ ወንድም አጥፍቶ አባቶች ሊፈርዱበት ተሰበሰቡ። ሙሴ አልመጣም አለ። ሲጠብቁት ቆይተው ቢልኩበት፣ የተቀደደ ቅርጫት አሸዋ ሞልቶ በጀርባው አዝሎ ከተፍ አለ። አሸዋው ከኋላው ይፈስሳል። ይህ ምንድን ነው ቢሉት፣ ኃጢአቴ ከበስተኋላዬ ሲፈስስ ሳላይ የሌላውን በደል ልዳኝ መጣሁ አላቸው። ያን ወንድም አንድ ቃል ሳይናገሩት ይቅር አሉት።

ብዙዎቻችን መንፈሳዊ ዓይን ሲበራ የሰው ምሥጢር የሚታይ ይመስለናል። የሙሴ ዓይን የበራው የገዛ ጀርባውን እንዲያይ ነው፤ በሌላው ላይ መጨከን የተወውም ከዚያ የተነሣ ይመስለኛል። አራት ሌቦች በዓቱ ገብተው ሲይዙት እንኳ፣ ጉልበቱ እንደ ቀድሞው ነውና አራቱንም አስሮ ተሸክሞ ቤተ ክርስቲያን አደረሳቸው። ማንንም መጉዳት አይገባኝምና ምን ላድርጋቸው ብሎ ጠየቀ። ሌቦቹ የትናንቱ የሽፍታ አለቃ መሆኑን ሲያውቁ እነሱም መነኮሱ።

በ75 ዓመቱ ሲያርፍ ቄስ ነበር፤ 70 ደቀ መዛሙርትም ትቷል። መታሰቢያው ሰኔ 24 ነው። ከወደቅህ በኋላ ንስሐ አባትህ ፊት መቅረብ ያሳፈረህ ወንድሜ፣ ያሳፈረሽ እኅቴ፣ ሙሴም ተመልሶ ሄዷል፤ እባካችሁ ሂዱ።