አጭር የጽሑፍ መልእክትና የቲቢ ሕክምናን መጨረስ

መድኃኒት ያልተላመደ ቲቢ የሚታከመው በአብዛኛው ለስድስት ወራት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ታማሚው ሪፋምፒሲን፣ አይሶኒያዚድ፣ ፓይራዚናማይድና ኢታምቡቶል፣ በቀሩት አራት ወራት ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መድኃኒቶች ይወስዳል። ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ሳሉ ሲታገሥ፣ ክብደቱ ሲመለስና ሰውየው ወደ ሥራው ሲሰማራ ነው። የዳነ ይመስለዋል፤ ባክቴሪያው ግን ገና አልጠፋም። ካቋረጠ በሽታው ሊያገረሽበትና ወደ ሌሎች ሊተላለፍ ይችላል፤ መድኃኒት የተላመደ ቲቢም ሊከተል ይችላል።

በጤና ባለሙያ ፊት መድኃኒት የመዋጥ ሥርዓት ለዚህ የተሰጠ መልስ ነበር። በኢትዮጵያም በ1992 እ.ኤ.አ. በአርሲና በባሌ በሙከራ ተጀምሯል። ይሁንና የዕለት ተዕለቱ ምልልስ ለቀን ሠራተኛ የትራንስፖርት ወጪና የተጓደለ የሥራ ሰዓት ማለት ነው። ርካሽ የሆነው የሞባይል መልእክት ተስፋ የተጣለበትም ስለዚህ ነው።

ማስረጃው ግን ተስፋውን ያህል አልሆነም። በካራቺ 2,207 ታማሚዎችን በዕጣ መድቦ ያነጻጸረውና በ2016 የታተመው ጥናት ዕለታዊ መልእክት ይልክ፣ ምላሽም ይጠይቅ ነበር። በሁለቱም ቡድኖች የሕክምናው ስኬት 83 በመቶ ሆነ። በ2015 የታተመው የቻይና ጥናት ደግሞ በ36 የአስተዳደር አካባቢዎች ከ4,000 በላይ ታማሚዎችን አካቷል። መለኪያው ቢያንስ አንድ አምስተኛው መድኃኒት ሳይወሰድ የታለፈባቸው ወራት ድርሻ ነበር፤ በተለመደው ክትትል 29.9፣ በመልእክት ብቻ 27.3፣ ሲከፈት በሚመዘግብና በድምፅ በሚያስታውስ የመድኃኒት ሣጥን 17.0፣ በሁለቱ ጥምረት 13.9 በመቶ ሆነ። የመልእክቱ ልዩነት በስታቲስቲክስ ረገድ ትርጉም አልነበረውም። (ሣጥን መክፈት መዋጥ አለመሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል።)

ሣጥኑ ከመልእክቱ የተሻለው ጮኾ ስላስታወሰ ብቻ አይመስልም። መዝገቡን የሚያየው የጤና ባለሙያ ማን እየዘለለ እንደሆነ ያውቃል፤ ክትትሉንም ያጠብቃል። በ2019 የታተመው የናይሮቢ ጥናትም ወደዚሁ ያመለክታል። ታማሚው መድኃኒቱን መውሰዱን በየዕለቱ በስልኩ ያረጋግጣል፤ ዝም ካለ ማስታወሻ ይደርሰዋል፤ ዝምታው ከቀጠለ ሰው ይደውልለታል። ያልተሳካ ውጤት ከ13.1 ወደ 4.2 በመቶ ዝቅ ያለው በዚህ አኳኋን በተረዱት ታማሚዎች ላይ ነው።

መርሳት ከማቋረጫ ምክንያቶች አንዱ ብቻ ነውና ይህ ሊያስደንቅ አይገባም። በባዶ ሆድ የተዋጠ መድኃኒት ያቅለሸልሻል፤ ሪፋምፒሲን ሽንትን ብርቱካንማ ሲያደርገው ያልተነገረው ሰው ይደነግጣል። ለእነዚህ «መድኃኒትዎን ይውሰዱ» የሚል መልእክት መልስ አይሆንም። ስልኩ የቤተሰብ የጋራ ከሆነም የበሽታውን ስም የጠቀሰ አንድ መስመር የታማሚውን ምሥጢር ያወጣል። ስለዚህ ቃላቱ በሽታውን ሳይጠሩ ሊጻፉ፣ የሚላኩበትም ሰዓት ከታማሚው ጋር ሕክምናው በሚጀመርበት ቀን ሊወሰን ይገባል።