ስቶክሆልም፤ የሚኖሩባት እንጂ የማያዩዋት ከተማ

«ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ይላሉ አበው። የስቶክሆልም ወገን ችግር ግን የዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ ባሕሩ በደጁ እያለ ቀና ብሎ ሳያየው ዓመታት ያልፋሉ። ጠዋት በምድር ውስጥ ባቡር ወደ ሥራ፣ ማታ በዚያው ባቡር ወደ ቤት። ፅዳቱ፣ የአረጋውያን እንክብካቤው፣ የሌሊት ታክሲው ጊዜውን ይበላዋል። አንድ ቀን ዘመድ ከሩቅ አገር መጥቶ «እስቲ ከተማችሁን አሳዩን» ሲል ግን አስጎብኚው ከእንግዳው ጋር እኩል እንግዳ ይሆናል። መንገዱን የሚመሩት በትምህርት ቤት ጉብኝት ቀድመው ያዩት ልጆች ናቸው።

ስቶክሆልም የሜላረን ሐይቅ ከባልቲክ ባሕር ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ በ14 ደሴቶች ላይ በድልድይ ተያይዛ የተሠራች ከተማ ናት። ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለችም። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1924 አውሮፓን ሲጎበኙ ስዊድን ደርሰዋል። ገንዘቤ ዲባባም በ2014 የ3,000 ሜትር የቤት ውስጥ ሩጫ የዓለም ክብረ ወሰንን የሰበረችው በዚህችው ከተማ ነው።

ማንም ያልደፈረው እውነት

አንድ ቦታ ብቻ ለማየት ጊዜ ያለው ሰው የቫሳን ሙዚየም ይምረጥ። ቫሳ 64 መድፍ የታጠቀች፣ በቅርፃ ቅርፅ ያሸበረቀች የንጉሥ ጉስታቭ ዳግማዊ አዶልፍ የጦር መርከብ ነበረች። ነሐሴ 10 ቀን 1628 (እ.ኤ.አ.) ሕዝብ በወደቡ ተሰብስቦ እያየ ጉዞ ጀመረች። አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሜትር ያህል እንደሄደች ነፋስ አጋደላት፤ ውሃ በመድፍ መስኮቶቿ ገባ፤ ሰጠመች። ሠላሳ ያህል ሰዎች አለቁ።

የሚያሳዝነው ግን አደጋው አስቀድሞ መታወቁ ነው። ከጉዞው በፊት ሠላሳ ሰዎች ከመርከቧ አንድ ጎን ወደ ሌላው እየሮጡ ሚዛኗ ሲፈተን፣ መርከቧ ክፉኛ ስለተወዛወዘች ሙከራው እንዲቋረጥ ተደረገ። ይህን ያዩት አድሚራል መርከቧን አላስቀሩም። ንጉሡ በጦር ሜዳ ሆነው «ቶሎ ትውጣ» እያሉ ነበርና ደፍሮ «አትሄድም» ያለ አልተገኘም። በኋላ ምርመራ ተካሄደ፤ ጥፋተኛ ተብሎ የተቀጣ ግን የለም። አለቃ ሲፈራና እውነት ሲታፈን ምን እንደሚመጣ ከአገሩ የተሰደደ ሰው አስተማሪ አያሻውም።

መርከቧ 333 ዓመት በባሕር ውስጥ ቆይታ በ1961 ወጣች። እንጨት የሚበላው የባሕር ትል በጨው አነስተኛ በሆነው በባልቲክ ባሕር ስለማይኖር አካሏ አልፈረሰም። ዛሬ ስዊድናውያን ያንን ውድቀት ሳይደብቁ ለዓለም ያሳዩታል።

ምሕረት ተብሎ የፈሰሰ ደም

ጋምላ ስታን በሚባለው የድሮ ከተማ፣ ጠባቦቹን መንገዶች ተከትሎ ስቱርቶርየት አደባባይ ይደረሳል። ቱሪስቱ ቡና የሚጠጣበት ይህ ቦታ በኅዳር 1520 የዴንማርኩ ንጉሥ ክርስቲያን ዳግማዊ ምሕረት አድርጌያለሁ ካለ በኋላ ከ80 በላይ መኳንንትና ካህናትን ያስገደለበት ነው። አባቱ ከተገደሉት አንዱ የነበረው ጉስታቭ ቫሳ አመፁን መርቶ በ1523 ነገሠ። መርከቧም ስሟን ያገኘችው ከዚህ ቤተሰብ ነው።

ከድሮው ከተማ በስተምዕራብ፣ በኩንግስሆልመን ደሴት ዳር ላይ በ1923 የተመረቀው ማዘጋጃ ቤት ቆሟል። ግንቡ 106 ሜትር ነው። በየዓመቱ ታኅሣሥ 10 (እ.ኤ.አ.) የኖቤል እራት የሚበላበት «ሰማያዊ አዳራሽ» ግን ቀይ ነው። አርክቴክቱ ራግናር ኦስትበርግ ሰማያዊ ሊያደርገው አስቦ፣ የጡቡን ውበት ሲያይ ሐሳቡን ለወጠ፤ ስሙ ብቻ ቀረ።

እነሱም ስደተኞች ነበሩ

ዩርጎርደን ደሴት ላይ ያለው ስካንሰን በ1891 በአርቱር ሃሴሊየስ ተከፈተ። ኢንዱስትሪ የገጠሩን ኑሮ ሲያጠፋው ያየው ይህ ሰው ከየክፍለ ሀገሩ ጎጆና የእርሻ ቤት እያስነቀለ እዚያ አስተከለ። ያ ዘመን ስዊድናውያን በድህነት ምክንያት በመርከብ ወደ አሜሪካ የሚጎርፉበት ዘመን ነበር፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ወጥቷል። ጭስ የጠገበውን ጣሪያና የሸክላውን ማሰሮ አይቶ የእናቱን ቤት የማያስታውስ ሐበሻ አይኖርም። ልጆች «እማዬ፣ የእናንተም እንዲህ ነበር?» ሲሉ ያልተነገረው ታሪክ መነገር ይጀምራል። የቤቱ ቋንቋ ለልጅ የሚተላለፈው እንዲህ ባለው ጨዋታ ነው።

ወጪውም የሚያስፈራ አይደለም። ወደ ዩርጎርደን የምትሄደው ጀልባ ከስሉሰን ትነሳለች፤ የባቡሩ ቲኬት ይሠራባታል። በቫሳ ሙዚየም ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አይከፍሉም። የቤተ መንግሥቱን ዘብ ቅያሬ ማየት በነፃ ነው። የምድር ውስጥ ባቡሩ ጣቢያዎችም ራሳቸው የሥዕል ቤት ናቸው፤ በቴ-ሴንትራለን ሰማያዊ ቅጠል በዋሻው ጣሪያ ላይ ይወጣል። በየቀኑ ከሥሩ የሚሮጡት ሺዎች ናቸው፤ ቀና ብሎ ማየት ግን አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

አገርን መናፈቅ የሚኖሩበትን ከተማ አለማየት ማለት አይደለም። የሚመጣው እሑድ ደመናው ቢገለጥ፣ አንድ ቤተሰብ ቆሎውን ቋጥሮ፣ ቡናውን በፔርሙዝ ይዞ፣ ልጆቹን አስቀድሞ ከስሉሰን ጀልባ ይሳፈር።