የማህፀን በርና ጤናው

የማህፀን በር ማህፀንን ከሴት ብልት ጋር የሚያገናኝ ጠባብ ክፍል ነው። የወር አበባ የሚወጣው በዚሁ በኩል ሲሆን፣ በምጥ ጊዜ እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይከፈታል።

የማህፀን በር ካንሰር ዋነኛ መንስኤ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፈው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ነው። ሰውነት ብዙውን ጊዜ ቫይረሱን በራሱ ያስወግደዋል፤ ለዓመታት ከቆየ ግን ሕዋሳትን ወደ ካንሰር ሊለውጥ ይችላል።

የቅድመ ካንሰር ለውጥ ሕመም ስለማይሰማበት የሚታወቀው በምርመራ ነው። ባለሙያው የማህፀን በርን በቀጠነ አሴቲክ አሲድ ሲቀባው፣ ለውጥ ያለበት ቦታ ከደቂቃ በኋላ ነጭ ሆኖ ይታያል።

ኢትዮጵያ የቫይረሱን መከላከያ ክትባት በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት ጀምራለች። የተከተቡ ሴቶችም ዕድሜያቸው 30 ሲደርስ ሊመረመሩ ይገባል። ከግንኙነት በኋላ ወይም ካረጠች በኋላ ደም ያየች ሴት ግን ሳትዘገይ ወደ ጤና ተቋም ትሂድ።