ጡንቻን ማጎልበትና ስብን መቀነስ፦ ተራ በተራ ወይስ በአንድ ጊዜ?

ከሥራ ሰዓት በኋላ ወደ ስፖርት ማዘውተሪያ ጎራ ማለት የጀመረ የቢሮ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ ሁለት ተቃራኒ ምክሮች ያጋጥሙታል። አንደኛው "በደንብ ብላ፤ ክብደት ካልጨመርክ ጡንቻ አታወጣም" የሚል ሲሆን፣ ሌላው ደግሞ "ምግብ ቀንስ፤ መጀመሪያ ቦርጭህን አጥፋ" የሚል ነው። ምክሮቹ የሚጋጩ ቢመስሉም ሁለቱም የተወሰዱት በሰውነት ግንባታ ተወዳዳሪዎች ዘንድ ከተለመደ አንድ የሥልጠና ሥርዓት ነው። ችግር የሚፈጠረው ሥርዓቱ ለማን እንደሚስማማ ሳይለይ ሲተገበር ነው።

ተወዳዳሪዎቹ የዝግጅት ጊዜያቸውን በሁለት ምዕራፍ ይከፍሉታል። በመጀመሪያው ምዕራፍ ሰውነት በቀን ከሚያቃጥለው ኃይል በላይ እየተመገቡ ከባድ ክብደት በማንሳት ጡንቻ ያጎለብታሉ። ወራት ከቆዩ በኋላ ውድድሩ ሲቃረብ ምግባቸውን በመቀነስ በመጀመሪያው ምዕራፍ የተጠራቀመውን ስብ ያስወግዳሉ።

የዚህ አከፋፈል መነሻ ግልጽ ነው። አዲስ ጡንቻ ለመሥራት ገንቢ ምግብና ኃይል ያስፈልጋል። ስብ የሚቀልጠው ግን ሰውነት የኃይል እጥረት ገጥሞት ካከማቸው ስንቅ ማውጣት ሲጀምር ነው። አንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ስብ በግምት 7 ሺህ 700 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል። በመሆኑም በቀን የ500 ኪሎ ካሎሪ ጉድለት የሚፈጥር ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሳምንት ግማሽ ኪሎ ገደማ ሊቀንስ ይችላል። ይሁን እንጂ ጉድለቱ ከበዛና ልምምድ ከሌለ ሰውነት ከስቡ ጋር ጡንቻውንም ይበላል።

በኖርዌይ ታዋቂ ስፖርተኞች ላይ የተካሄዱ ሁለት ጥናቶች ለጉዳዩ ጥሩ ማብራሪያ ይሰጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመው ጥናት አንደኛው ቡድን በባለሙያ ምክር ተጨማሪ ምግብ እየወሰደ፣ ሌላው ደግሞ እንደፍላጎቱ እየተመገበ ከ8 እስከ 12 ሳምንታት ክብደት የማንሳት ልምምድ አድርጓል። ብዙ የተመገበው ቡድን የስብ መጠን በ15 በመቶ ሲጨምር የሌላው ጭማሪ 3 በመቶ ብቻ ነበር። በጡንቻ ረገድ ግን በሁለቱ መካከል ጉልህ ልዩነት አልታየም። ይህም ከልክ በላይ የተበላው ምግብ ጡንቻ ሳይሆን ስብ ሆኖ እንደሚቀር ያመለክታል።

እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ሌላው ጥናት ደግሞ ክብደት በመቀነስ ላይ ያተኮረ ሲሆን 24 ስፖርተኞችን አሳትፏል። አንደኛው ቡድን በሳምንት የክብደቱን 0.7 በመቶ፣ ሌላው 1.4 በመቶ እንዲቀንስ ታቅዶ ሁለቱም በሳምንት አራት ጊዜ ክብደት ያነሱ ነበር። በዝግታ የቀነሱት ስብ ያልሆነው የሰውነታቸው ክፍል በ2.1 በመቶ ሲያድግ፣ በፍጥነት የቀነሱት ላይ ግን ይህ እድገት አልታየም። 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ዝግተኛው መጠን በሳምንት ከግማሽ ኪሎ ብዙም አይበልጥም።

ከዚህ የሚገኘው ቁም ነገር ሁለቱ ግቦች ሁልጊዜ የማይታረቁ አለመሆናቸው ነው። በተለይ ለልምምዱ አዲስ የሆነና ቦርጭ ያለው ሰው በመጠኑ እየቀነሰ በተመሳሳይ ጊዜ ጡንቻ ሊያዳብር ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው "መጀመሪያ ልወፍር" ማለቱ ወገቡን ከማስፋትና ለደም ግፊትና ለስኳር በሽታ ያለውን ተጋላጭነት ከመጨመር ያለፈ ፋይዳ የለውም። ምዕራፎቹን መለየት በይበልጥ የሚጠቅመው ለረዥም ጊዜ ሠልጥኖ እድገቱ ለተገታበት፣ ለተወዳዳሪ ወይም በጣም ቀጭን ለሆነ ሰው ነው።

በሁለቱም ሁኔታዎች የገንቢ ምግብ መጠን መዘንጋት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2018 የ49 ጥናቶችን ውጤት ያጠቃለለ ሥራ እንዳሳየው፣ ክብደት ለሚያነሳ ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቱ በቀን 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን በአማካይ በቂ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ መውሰድ የሚያስገኘው ተጨማሪ የጡንቻ እድገት አነስተኛ ነው። ለ70 ኪሎ ሰው ይህ 112 ግራም መሆኑ ነው። ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት በማይበሉባቸው የጾም ወራት ይህን መጠን ማሟላት ጥንቃቄ ይጠይቃል። መቶ ግራም የተቀቀለ ምስር 9 ግራም ገደማ ፕሮቲን ስለሚይዝ፣ በእንጀራው ላይ የሚቀርበውን የምስር፣ የሽምብራና የባቄላ ድርሻ ከፍ ማድረግ ይረዳል። በጾም ወቅት ጡንቻን ለማሳደግ ከመጣጣር ይልቅ ያለውን በልምምድ ጠብቆ ማቆየት ተገቢ ግብ ሊሆን ይችላል።

ውጤቱን በሚዛን ብቻ መለካትም ያሳስታል። ጡንቻ እየጨመረ ስብ ሲቀንስ ሚዛኑ ላይንቀሳቀስ ስለሚችል፣ የወገብን ዙሪያ በሜትር መለካትና የሚነሳውን ክብደት መመዝገብ የተሻለ መረጃ ይሰጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉና ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠናክር ልምምድ እንዲሠሩ ይመክራል። የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ምግባቸውን ከመቀነሳቸውም ሆነ ከባድ ክብደት ከማንሳታቸው በፊት ሐኪም ማማከር ይኖርባቸዋል። ጡንቻን በአጭር ጊዜ ያሳድጋሉ ተብለው ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰዱ የሆርሞን መድኃኒቶች ልብን፣ ጉበትንና የመውለድ አቅምን ስለሚጎዱ ሊወገዱ ይገባል። በዓመታት መቀመጥ የተከማቸ ቦርጭ በአንድ ወር ሊጠፋ አይችልምና፣ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው በመጠን መመገብና ልምምዱን ሳያቋርጡ መቀጠል ነው።