የአያት ቤት በሾንኬ

ሱሁራችንን በልተን ሱብሂን ከሚሴ ሰገድን። ጾመኛ በከሚሴ ሙቀት እኩለ ቀን ላይ ዳገት አይጀምርምና ወዲያው ተነሣን። ያሳደሩን ቤተሰቦች ሁለቱን ልጆቻቸውን ጨመሩልን፤ ወንዱ 14፣ እህቱ 11 ዓመታቸው ነው። የእናታቸው ሴት አያት የተወለዱት ሾንኬ ነው። ልጆቹ ግን መንደሯን በስም እንጂ በዓይናቸው አያውቋትም። እናታቸው እስከ በር ሸኝታን የአያቷን ቤት ጠይቀን እንድናሳያቸው፣ ለኢፍጣርም እንዳንዘገይ አደራ አለችን።

ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሁሉ ያልፋታል። ከከተማዋ ወጣ ሲሉ ቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው የጨፋ ሜዳ ይዘረጋል። ሌላው አገር በበጋ ሲደርቅ ጨፋ እርጥበቱን ይዞ ስለሚቆይ፣ የኦሮሞና የአፋር አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውንና ግመሎቻቸውን ይዘው ይመጡበታል። በዚያ ጠዋትም ጭጋጉ ከሣሩ ላይ ሳይነሣ ከብቱ ተሰማርቶ፣ ነጫጭ ወፎችም ከኮቴው ሥር ሲለቅሙ አየን።

መኪናችን እስከቻለው ድረስ ሄዶ ቆመ። ሾፌራችን ዳገቱን ቀና ብሎ አየና «አብሽሩ!» ብሎን ጥላ ሥር ተቀመጠ። እኛ ቀሪውን በእግራችን ያዝነው።

ሾንኬ በደዋ ጨፋ ወረዳ በተራራ ጫፍ ላይ የተሠራች የአርጎባዎች የድንጋይ መንደር ናት። ከሩቅ ሲያዩዋት መንደር መሆኗ አይለይም፤ ግድግዳዎቿና ተራራው አንድ ቀለም አላቸው። ሲቀርቡ ግን ቤት ከቤት ተያይዞ፣ አንዱ ከሌላው ከፍ እያለ እስከ አናቱ ተደርድሮ ይታያል። ነዋሪዎቿ ዕድሜዋን ወደ 900 ዓመት ያደርሱታል። አርጎባዎች በንግድ፣ በሽመናና በእርከን እርሻ የታወቁ ናቸው። በሾንኬና በአቅራቢያዋ ባለችው ጦለሃ የአርጎባ ቋንቋ ዛሬም ይነገራል።

አንድ አባት ተቀበሉንና የልጆቹን ቅድመ አያት ስም ነገርናቸው። ጥቂት አሰቡ፤ ከዚያ የልጅቷን እጅ ይዘው በጠባቧ መተላለፊያ ይዘዋት ሄዱ። እኛም ተከተልን። ያቆሙን ጣሪያው በግማሽ የወደቀ ቤት ፊት ነው። ግድግዳው ደህና ነው፤ ውስጡ ግን ሰማይ ይታያል፤ መደቡ ላይ ሣር በቅሏል።

«ማን ነው ያፈረሰው?» አለች ልጅቷ።

«ማንም አላፈረሰው ልጄ፤ ሰው አጣ» አሉ።

ከዚያ የቤቱን ጠባይ አስረዱን። የጥንቶቹ ቤቶች ጣሪያ እንጨት ተረብርቦ አፈር የሚደለደልበት ነው። አፈሩ በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ እየተጨመረ ይጠቀጠቃል። ይህ ከተዘለለ ዝናቡ ቀዳዳ ያገኛል፤ በሚቀጥለው ክረምት እንጨቱ ይበሰብሳል፤ ኋላ ጣሪያው ሲወድቅ ግድግዳውንም ይዞት ይሄዳል። በቤቱ ሰው እስካለ ድረስ ይህ ተራ የቤት ሥራ ነበር። ውኃ ከታች ተቀድቶ ዳገቱን ይወጣል፤ መንገዱም ያለው ታች ነው። ስለዚህ ወጣቱ ወደ ታች ወረደ፤ በወረደው ላይ መፍረድም አይቻልም። በአንዳንዱ ቤት ላይ ደግሞ ቆርቆሮ ተመትቷል።

ዙሁርን በመንደሩ መስጊድ ሰገድን። ሾንኬ ከወሎ ታላላቅ የዕውቀት ማዕከላት አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ አኼራ የሄዱት ሼህ ጀውሀር ቢን ሃይደር የዚህች መንደር ዓሊም ነበሩ። የታሪክ ምሁሩ ሁሴን አህመድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ላይ በጻፉት መጽሐፍ ከሚነሡት ዑለሞች አንዱ እሳቸው ናቸው።

ከሶላት በኋላ ከመንደሩ ጠርዝ ወደ ምሥራቅ ተመለከትን። ምድሩ እየወረደ ወደ አፋር ቆላ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ ባሕር ነው። ባሕሩ ከዚህ አይታይም፤ የዚህ ተራራ ሰንሰለት ጥንታዊ ከተሞች ግን የኖሩት ወደ ባሕሩ በሚወስደው መንገድ ነበር። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የኢፋት ሱልጣኔት ንግድ በግመል ወደ ዘይላ ወደብ ይወርድ ነበር። ኢብን ባጡጣ እ.ኤ.አ. በ1330 አካባቢ ዘይላን አይቶ ገበያዋን ትልቅ ብሏታል። ከዓሣውና በየመንገዱ ከሚታረደው ግመል ሽታ ሸሽቶ ግን ሌሊቱን መርከብ ላይ ማደሩን ጽፏል። ልጆቹ ይህን ስንነግራቸው ሳቁ። በዚያው ክፍለ ዘመን በካይሮ ቤተ መንግሥት ያገለገለው ጸሐፊ አል-ዑመሪ የኢፋትን ሰባት ከተሞች በስም ዘርዝሯል።

ከከሚሴ በስተ ደቡብ፣ በሸዋ ምሥራቃዊ ተዳፋት ላይ አስባሪ፣ መሳልና ኖራ የሚባሉ ፍርስራሾች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች አጥንተዋቸዋል። መስጊዶቻቸው ሚህራባቸው ሳይቀር ቆመው ተገኝተዋል፤ በዙሪያቸው የድንጋይ ቤቶችና መቃብሮች አሉ። ነገር ግን ዛሬ የሚጠሩባቸው ስሞች በአል-ዑመሪ ዝርዝር ውስጥ የሉም። ግንቡ ተርፎ ስሙ ጠፋ። ሾንኬ ግን ስሟም አለ፣ ቋንቋዋም አለ፣ አዛኗም ይሰማል። «ይሄ የማን ቤት ነበር?» ተብለው የሚመልሱ አባትም አሏት። እኚህ አባት የሚያውቁትን የሚረከብ ልጅ ካልመጣ ግን የሾንኬም ቤቶች እንደ ኖራ ይሆናሉ።

አስርን ሰግደን ስንወርድ ወንዱ ልጅ ወደ ኋላ ቀረ። ተመልሶ አባትየውን አንድ ነገር ጠይቋቸው ኖሯል፤ ሲደርስብን ነገረን። ግድግዳው ደህና ስለሆነ፣ ክረምት ሳይገባ እንጨትና አፈር ከተገኘ ቤቱ ይድናል ብለውታል።

ለመግሪብ ከሚሴ ደረስን። በተምርና በውኃ አፈጠርን፤ ሾርባውና ሳምቡሳው ቀረበ። ልጅቷ ገና አንዱን ሳምቡሳ ሳትጨርስ ለእናቷ ሁሉንም ነገረቻት፦ ሣሩን፣ መደቡን፣ ሰማዩን። እናትየዋ ዝም ብላ ሰማቻት። ከዚያ ወደ ባለቤቷ ዞራ፣ ለዒድ የሚመጡት ወንድሞቿ ስንት ቀን እንደሚቆዩ ጠየቀችው። እሱም ክረምት እስኪገባ የቀረውን ወር በጣቱ መቁጠር ጀመረ።

ዘንድሮ ዒድን ከዘመድ ጋር ለማሳለፍ ወደ ወሎ የምትሄዱ ቤተሰቦች፣ ከዒድ ማግሥት አንዱን ቀን ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዞ አውሉት። ልጆቻችሁን አስከትሉ፤ የአያቶቻቸውንም ስም አስቀድማችሁ አስጠኗቸው። እዚያ ስትደርሱ መጀመሪያ የምትጠየቁት እሱን ነው።